የቦይለር ፓነልን በስልክ ማዘዝ፦ ቦርዱ ይቆይ፣ ጣቱ ብቻ ይተካ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ 50 ሊትር የሚይዝ ባለ 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ቦይለር አለ። ሁለት አሃዝ የሚያሳይ ስክሪንና ሲጫኗቸው ቀጭ የሚሉ ሦስት ቁልፎች አሉት፦ ማብሪያ፣ መጨመሪያና መቀነሻ። ሌሊት ራሱ በርቶ ጠዋት ሙቅ ውሃ እንዲጠብቀኝ ብዬ በዋይፋይ የሚታዘዝ ሶኬት ገዛሁ። ሶኬቱ በሰዓቱ ይበራል፤ ቦይለሩ ግን ቁልፉን በእጄ ካልተጫንኩት አይሞቅም። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደዚያው ነው። ፓነሉን ስከፍተው ከዋናው ቦርድ ጋር የሚገናኘው በአምስት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። 5 ቮልት ስለሆነ አደጋ የለውም ብዬ ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ ቦርድ) ከዚያው ኃይል እንዲያገኝ ላደርግ፣ ሽቦዎቹን ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ የቺፑን ፕሮግራም ላወጣ፣ ካልሆነም ፓነሉን ትቼ ማሞቂያውን በራሴ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ላዝ አስቤያለሁ። የትኛው ይሻላል?»

ሦስቱንም ይተዉ። የቺፑን ፕሮግራም ማውጣት አያስፈልግም፣ የፓነሉ 5 ቮልት ኢኤስፒ32ን አይችልም፣ ማሞቂያውን በራስ ሪሌይ ማዘዝ ደግሞ በቤትዎ ያለውን ሰው ሁሉ አደጋ ላይ ይጥላል። የፈለጉት ነገር ግን ይቻላል፤ መንገዱም ካሰቡት ያጠረ ነው። ቦርዱ እንዳለ ይቆይና የማብሪያ ቁልፉን የሚጫነው ጣት ብቻ ይተካ።

ሶኬቱ አልተበላሸም። የድሮው ባለ መዘውር ቦይለር ኤሌክትሪክ ካገኘ ይሞቃል፣ ካጣ ይቆማል፤ ለእሱ እንዲህ ያለው ሶኬት በቂ ነበር። በባለ ስክሪኑ ግን ኤሌክትሪክ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነቃው ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ማለትም የቦርዱ አእምሮ የሆነው ቺፕ ነው። በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ በቋሚ ማህደረ ትውስታ ካልመዘገበ፣ ከነቃ በኋላ የሰው ጣት ይጠብቃል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ባለቤቱ በሌለበት፣ ታንኩ ባዶ ሆኖ ወይም ቧንቧ ሠራተኛ እየጠገነው ሳለ መብራት ቢመጣ ማሞቂያው በራሱ መነሳት የለበትም። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት መመሪያውን ያንብቡ። አንዳንድ ሞዴል ሁለት ቁልፎችን አንድ ላይ ለጥቂት ሰከንድ በመያዝ የሚከፈት የማስታወስ ሁነታ አለው። የእርስዎም ካለው ይክፈቱት፤ ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ ከብሬከሩ ያጥፉትና ከ30 ደቂቃ በኋላ ይመልሱት። አንድ ደቂቃ ብቻ መጠበቅ ያሳስታል፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት የቦርዱ ካፓሲተሮች ያስቀሩት ቻርጅ ማይክሮኮንትሮለሩን ነቅቶ ሊያቆየው ይችላል። ከ30 ደቂቃ በኋላም ራሱ ከተነሳ የገዙት ሶኬት ይበቃዎታል፣ ከዚህ በታች ያለውን ማንበብም አያስፈልግዎትም።

ፕሮግራሙን ከቺፑ የማውጣት ሐሳብ ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋበት ነው። የእነዚህ ቺፖች ማህደረ ትውስታ በአብዛኛው ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይነበብ ተቆልፎ ነው። ቢወጣ እንኳ የሚያገኙት በሺዎች የሚቆጠር የማሽን ትዕዛዝ ነው፤ ከዚያ ውስጥ «ማሞቂያውን አብራ» የሚለውን ፈልጎ ማግኘት የሳምንታት ሥራ ይሆናል። ቦርዱን ለማዘዝ ውስጡ ምን እንደሚያስብ ማወቅ አይጠበቅብዎትም። በየትኛው ሽቦ እንደሚሰማና በየትኛው እንደሚናገር ማወቅ ይበቃል።

እዚህ ላይ ያዩአቸው አምስት ሽቦዎች ብዙ ይናገራሉ። ሁለቱ 5 ቮልትና የቦርዱ ግራውንድ (የ5 ቮልቱ መመለሻ፤ ከኧርዝ ጋር አንድ አይደለም) ናቸው። የቀሩት ሦስት ስለሆኑ ፓነሉ ላይ ያለው ቺፕ እንደ ቲኤም1628 ያለ፣ ስክሪኑን የሚያበራና ቁልፎቹን የሚቃኝ አገልጋይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ሦስቱ መስመሮችም ሰዓት ምት፣ ዳታና መምረጫ ይሆናሉ። ዋናው አእምሮ ያለው በታችኛው ቦርድ ላይ ነው ማለት ነው። አራት ሽቦ ቢሆን ኖሮ ባለ ሁለት መስመሩን ቲኤም1637 ወይም ቲኤም1650፣ አለዚያም መላኪያና መቀበያ ያለውን ተራ ሲሪያል ግንኙነት እጠረጥር ነበር። የሙቀት መለኪያው ሁለት ሽቦ ፓነሉ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ደግሞ አእምሮው እዚያው ፓነሉ ላይ ነው። ቺፑ ላይ የተጻፈውን በስልክ ካሜራ አጉልተው ያንብቡ። ቦርዱ በሲሊኮን ወይም በሙጫ ተሸፍኖ ከሆነ ሙሉውን አይፋቁ፤ ያ ሽፋን የተደረገው ለሻወር ቤት እርጥበት ነው። የሚጋለጠው የማብሪያ ቁልፉ ሁለት እግር ብቻ ይሁን።

አሁን ሰው ወደሚገድለው ጉዳይ እንምጣ። «5 ቮልት ስለሆነ አደጋ የለውም» የሚለው አስተሳሰብ ለስልክ ቻርጀር ይሠራል፣ ለቦይለር ቦርድ ግን አይሠራም። 5 ቮልት ማለት በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ያ ሁለት ነጥብ አንድ ላይ ከመሬት አንጻር 220 ቮልት ላይ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። በርካሽ ቦርዶች ላይ ትራንስፎርመር የለም፤ ቮልቴጁን የሚያወርደው ትልቅ አራት ማዕዘን ካፓሲተር ወይም ያልተነጠለ፣ ማለትም 5 ቮልቱን ከ220 ቮልቱ የማይለይ ትንሽ ቺፕ ነው። እንዲህ ባለው ቦርድ ላይ የ5 ቮልቱ ግራውንድ በቀጥታ ወይም በዳዮድ በኩል ከፌዝ ወይም ከኒውትራል ጋር ይገናኛል። ኒውትራል ላይ ነው ብለው አይጽናኑ። ስፒናው ተገልብጦ ሊሰካ ይችላል፤ በቀጥታ በሽቦ የተገጠመም ከሆነ ገጣሚው ሁለቱን አቀያይሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቦርድ ላይ ላፕቶፕ ቢሰኩ፣ ቻርጀሩ ኧርዝ ካለው ፌዙ በላፕቶፑ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል፤ ላፕቶፑም ቦርዱም ይቃጠላሉ። ቻርጀሩ ካልተሰካ ደግሞ የላፕቶፑ ብረት ክፍል ሁሉ ፌዝ ይሆናል፣ የሚነካው እጅዎ ነው።

የእርስዎ ቦርድ የትኛው እንደሆነ እንዲህ ይለዩ። ብሬከሩን ያጥፉ፣ ፌዝ መፈተሻ ሳይሆን በመልቲሜትር ቮልቴጅ አለመኖሩን ያረጋግጡ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። በትልቁ ካፓሲተር እግሮች ላይ የቀረውን ቮልቴጅ ይለኩ፤ ካለም በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ያፍስሱት። ቀጥሎ መልቲሜትሩን ወደ ዳዮድ መለኪያ ያዙሩና አንዱን ጫፍ የፓነሉ ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን መጀመሪያ ፌዝ መግቢያው ላይ፣ ከዚያ ኒውትራል መግቢያው ላይ ያድርጉ። ጫፎቹን አቀያይረው ይድገሙ። በ5 ቮልቱ ሽቦም እንደዚሁ ያድርጉ። በአንዳቸውም ላይ መልቲሜትሩ ቢጮህ ወይም ከ0.4 እስከ 0.7 ያለ ቁጥር ቢያሳይ ቦርዱ ያልተነጠለ ነው። የተነጠለ ቦርድ በሁሉም አቅጣጫ ከክልል ውጭ ያሳያል። በዓይንም የሚለይበት ምልክት አለው፦ በቢጫ ፕላስተር የተጠቀለለ ትንሽ ትራንስፎርመር፣ አራት እግር ያለው ኦፕቶካፕለር (በብርሃን ብቻ ምልክት የሚያስተላልፍ ቺፕ)፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነ ክብ ካፓሲተር፣ በቦርዱ መሐል የተሰነጠቀ ወይም መዳብ የሌለበት ሰፊ መስመር። ሪሌይ መኖሩ ግን የመነጠል ማስረጃ አይደለም። ጥርጣሬ ካለ ያልተነጠለ ነው ብለው ይሥሩ።

ይኸው የኃይል ምንጭ ኢኤስፒ32ን ለምን እንደማይችልም በቁጥር ይታያል። አንድ ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ220 ቮልትና በ50 ኸርትዝ የሚያሳልፈው 69 ሚሊአምፔር ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ ስክሪኑና ሪሌዩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ኢኤስፒ32 ግን ዋይፋይ ሲልክ ለአፍታ ከ300 ሚሊአምፔር በላይ ይጠይቃል። ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ማይክሮኮንትሮለሩ እንደገና ይነሳል፣ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሰውም ቦርዱ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ለኢኤስፒ32 የራሱን 5 ቮልት 1 አምፔር ደህና የስልክ ቻርጀር ይስጡት፣ መግቢያው ላይም 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይጨምሩ።

የምርምሩ ሥራ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ ይችላል፣ 220 ቮልት ሳይኖር። ሊይዙት የሚገባው ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። ሁለቱንም ቦርዶች ከቦይለሩ ያውጡ፤ እያንዳንዱን ሶኬትና ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ በፕላስተር ላይም ቁጥር ይጻፉበት። ከ220 ቮልት ሽቦ አንድም ሳይቀር ነቅለው፣ ከፓወር ባንክ 5 ቮልት ወደ ፓነሉ 5 ቮልትና ግራውንድ ያስገቡ። ስክሪኑ ይነሳል። ሪሌዩ ባለ 12 ቮልት ከሆነ ቀጭ አይልም፣ ለዚህ ሥራም አያስፈልግም። ፓወር ባንኩ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ራሱን ካጠፋ የሚወስደው ኃይል አንሶበት ነው፤ 47 ኦም 1 ዋት ሬዚስተር በ5 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል ቢጨምሩ 106 ሚሊአምፔር ስለሚወስድ ነቅቶ ይቆያል። ሬዚስተሩ ይሞቃል፣ ፕላስቲክ ላይ አያስቀምጡት። ስክሪኑ የስሕተት ኮድ ካወጣ ብዙ ጊዜ የሙቀት መለኪያውን ስላጣ ነው። የተነቀለውን መለኪያ በክፍሉ ሙቀት ይለኩት፤ 10 ኪሎኦም አካባቢ ከሆነ በቦታው 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ቢያስገቡ ቦርዱ ውሃው 25 ዲግሪ ነው ብሎ ያምናል። በ3.6 ኪሎኦም ከተኩት 50 ዲግሪ፣ በ2.5 ኪሎኦም 60 ዲግሪ አካባቢ ያሳያል። በዚህ መንገድ ቦርዱ መቼ እንደሚያሞቅና መቼ እንደሚያቆም አንድ ጠብታ ውሃ ሳያሞቁ ያያሉ። ላፕቶፕ ማገናኘት የሚፈቀደው በዚህ ሁኔታ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የማብሪያ ቁልፉን ይለኩ። አንዱን ጫፍ ግራውንድ ላይ አድርገው የቁልፉን ሁለት እግሮች በየተራ ይንኩ። አንዱ 5 ቮልት፣ ሌላው 0 ከሆነ ቁልፉ በቀጥታ ወደ ግራውንድ የሚያገናኝ ቀላል ቁልፍ ነው። እንደ 1.8 ወይም 2.6 ያለ መሐል ላይ የሚዋልል ቁጥር ካዩ ቁልፉ እየተቃኘ ነው፣ ማለትም ቺፑ በፈጣን ምት ደጋግሞ ይፈትሸዋል፤ በቲኤም1628 የሚጠበቀውም ይህ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አንዱን እግር ወደ ግራውንድ ቢያገናኙት ቁልፍ የተጫኑ አይሆንም፤ የስክሪኑ ቁራጮች ይጠፋሉ እንጂ ምንም አይበራም። ሁለቱ እግሮች እርስ በርሳቸው ነው መገናኘት ያለባቸው፣ ከሌላ ከምንም ጋር ሳይነካኩ።

ለዚህ የተፈጠረው ዕቃ ኦፕቶካፕለር ነው። ፒሲ817 ወይም መሰሉ በተበላሸ የዲሽ ሪሲቨር ፓወር ሰፕላይና በስልክ ቻርጀር ውስጥ ሁሉ ስለሚገኝ ደብረ ብርሃን ላይ ማንኛውም ጠጋኝ ነቅሎ ሊሰጥዎት ይችላል። በውስጡ በብርሃን ብቻ የሚነጋገሩ ሁለት ወገኖች አሉት፤ የተሠራበት የመነጠል አቅም 5,000 ቮልት ነው። ከኢኤስፒ32 ፒን በ470 ኦም ሬዚስተር ወደ 1ኛ እግሩ፣ 2ኛ እግሩን ወደ ኢኤስፒ32 ግራውንድ ያገናኙ፤ 4.5 ሚሊአምፔር ገደማ ያልፋል፣ ይበቃል። 4ኛ እግሩን ከፍ ያለ ቮልቴጅ ባሳየው የቁልፉ እግር ላይ፣ 3ኛውን በሌላው ላይ በካውያና በእርሳስ ይበይዱ። ፒኑ ለ250 ሚሊሰከንድ ይነሳና ይውረድ። ካልሠራ 3ኛውንና 4ኛውን ያቀያይሩ፤ በ5 ቮልት መስመር ላይ ይህን ማድረግ ኦፕቶካፕለሩን አይጎዳውም። በሁለቱም አቅጣጫ እምቢ ካለ በቦታው ትንሽ ባለ 5 ቮልት ሪድ ሪሌይ ይግጠሙ። የኢኤስፒ32 ፒን ግን ሪሌይን በቀጥታ አይነዳም፤ በመሐል ትራንዚስተርና ዳዮድ ያስፈልጋል።

ኦፕቶካፕለሩ የሚበየድበትን ቦርድ በጥንቃቄ ያዘጋጁ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውን መዳብ ሙሉ በሙሉ ፍቀው ያንሱ፤ ባዶው ርቀት ከ6 ሚሊሜትር አይነስ። ከፍታው እዚህ ጋ ትርጉም አለው። በኤሌክትሪክ መከላከያ ደረጃዎች ላይ የሚጻፈው የአየር ክፍተት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ የተሰላ ነው። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ ይቀልለዋል፤ ለ3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 ይባዛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አልፋለች፣ መሐል ሜዳና ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 በላይ ናቸው። ለቆላ የሚበቃ ጠባብ ክፍተት እዚህ አይበቃም። ከቁልፉ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ለ300 ቮልት የተሠራ ሽፋን ያላቸው፣ ከ20 ሴንቲሜትር ያልበለጡና እርስ በርስ የተጠማዘዙ ይሁኑ። ኦፕቶካፕለሩ በቦይለሩ ሽፋን ውስጥ ይቅር፤ ወደ ውጭ የሚወጣው የኢኤስፒ32 ወገን ሽቦ ብቻ ነው። ኢኤስፒ32ና ቻርጀሩ ከሻወር ቤቱ ውጭ ይቀመጡ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሌሊት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ የሚያርፈው እንፋሎት ወደ ውሃ ተለውጦ ሳጥን ውስጥ ይንጠባጠባል።

አሁን የብዙዎች ሥራ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን። የማብሪያ ቁልፉ አንድ ነው፤ የጠፋውን ያበራል፣ የበራውን ያጠፋል። ኢኤስፒ32 ቦይለሩ በየትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለ ካላወቀ፣ ባለቤትዎ ማታ በእጅ ያበራችውን ሌሊት ያጠፋዋል። መፍትሔው የሚሄደውን ከረንት መለካት ነው ይባላል፤ ግማሽ መፍትሔ ነው። ውሃው ሞቆ ቴርሞስታቱ ካቋረጠ ከረንቱ ዜሮ ይሆናል፤ ኢኤስፒ32ም «ጠፍቷል» ብሎ ቁልፉን ይጫንና የበራውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። አንደኛው ከፓነሉ ውጭ፣ ስክሪኑ ወይም የመብራት ምልክቱ ፊት ላይ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኖ የሚለጠፍ በብርሃን የሚለዋወጥ ሬዚስተር ነው። ከ10 ኪሎኦም ጋር በተከታታይ ተያይዞ በ3.3 ቮልት ሲሠራ ፓነሉ መብራት አለመብራቱን ይነግራል፤ ከቦርዱ ጋር በሽቦ ስለማይገናኝ ምንም የመነጠል ጣጣ የለውም። ሁለተኛው በሽቦ ዙሪያ የሚቆለፈው ኤስሲቲ013 ዓይነት የከረንት መለኪያ ነው። የሚቆለፈው በፌዙ ሽቦ ላይ ብቻ ነው፤ ፌዝና ኒውትራሉን አንድ ላይ ካቀፈ ሁልጊዜ ዜሮ ያነባል። 1,500 ዋት በ220 ቮልት 6.8 አምፔር ነው፤ ከ3 አምፔር በላይ ካነበበ እየሞቀ ነው። ስክሪን ጨለማ ከሆነ ብቻ ይጫን። ተጭኖ ከ5 ሰከንድ በኋላ ካልበራ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገም፤ ከዚያ ያቁምና ወደ ስልክዎ መልእክት ይላክ። በርቶም ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ከረንት ከሌለ የተቋረጠ መከላከያ ወይም የተቃጠለ ማሞቂያ አለ ማለት ነው። ይህ መረጃ ብቻውን የመለኪያውን ዋጋ ይመልሳል።

ፒን ሲመርጡ ይጠንቀቁ። በኢኤስፒ32 ላይ 0፣ 2፣ 12 እና 15 የሚባሉት ፒኖች ሲነሳ ልዩ ሥራ አላቸው፤ በየመብራቱ መምጣት ቁልፉን የማይታይ ጣት ሊጫነው ይችላል። 25፣ 26 ወይም 27 ይጠቀሙ። ለሁለቱ መለኪያዎች የመጀመሪያው ቡድን የሆኑት 34 እና 35 ይመረጣሉ፤ ዋይፋይ ሲበራ የሁለተኛው ቡድን የአናሎግ መግቢያዎች ስለማይነበቡ ነው። በእጅዎ ያለው ኢኤስፒ8266 ከሆነ ለቁልፉ 4 ወይም 5ኛው ፒን ብቻ ይሁን። በሶፍትዌር በኩል ለእነዚህ ቦርዶች የተሠራው ኢኤስፒ ሆም በቂ ነው፤ ኮድ መጻፍ ለማይወድ ሰውም ይገባል። ቤት ውስጥ ሆም አሲስታንት (የቤት ዕቃዎችን ከአንድ ቦታ የሚያዝ ፕሮግራም) ባይኖር እንኳ የጊዜ ሰሌዳው ኢኤስፒ32 ውስጥ ይጻፍ እንጂ ኢንተርኔት ላይ አይንጠልጠል።

ጊዜ ራሱን የቻለ ችግር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢኤስፒ32 ሰዓቱን ይረሳል፤ ዋይፋዩ ወይም ኔትወርኩ ካልተመለሰ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። በክብ ባትሪ የሚሠራውን ዲኤስ3231 የተባለውን ሰዓት ይጨምሩለት። ፕሮግራሙ ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር የእኛን ሰዓት በስድስት ያስተካክሉ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል እዚያ 03:30 ተብሎ ይጻፋል። መብራት እንደተመለሰ ወዲያው እንዳይጫን፣ 5 ደቂቃ ይጠብቅ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጁ ይዋልላል፣ ደጋግሞም ሊጠፋ ይችላል።

ስንት ሰዓት ይብራ? ሊትሩን በዲግሪ ልዩነቱ፣ ከዚያ በ1.163 ያባዙ፤ ዋት ሰዓት ያገኛሉ። ውሃው በ12 ዲግሪ ገብቶ 60 እንዲደርስ ቢፈልጉ 50 በ48 በ1.163 ወደ 2,790 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ለ1,500 ዋት ማሞቂያ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነው። ያው ቦይለር ሸዋ ሮቢት ተሰቅሎ ውሃው በ25 ዲግሪ ቢገባ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይበቃው ነበር። ቮልቴጅ ሲወርድ ግን ኃይሉ በካሬው ይወርዳል፤ በ190 ቮልት ያው ማሞቂያ 1,120 ዋት ገደማ ብቻ ስለሚሰጥ ሥራው ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ለሚታጠብ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ያልኩት ለዚህ ነው። ሙቀቱን ለቁጠባ ብለው ወደ 40 አያውርዱት፤ ለብ ያለ የቆመ ውሃ ሌጂዮኔላ የተባለው የሳንባ በሽታ ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። 60 ላይ ይቆይ፣ የሚቆጠበው በሰዓቱ ነው።

ማሞቂያውን በራስዎ ሪሌይ ስለማዘዝ። ገበያ ላይ ያለው ሰማያዊ ባለ 10 አምፔር ሪሌይ ሞጁል ለሰዓታት 7 አምፔር እንዲሸከም አልተሠራም። የመዳብ መስመሩ ይሞቃል፣ መገናኛው ተጣብቆ ይቀራል። ተጣብቆ ሲቀር ማሞቂያውን የሚያቆመው ማን ነው? የቦርዱን ቴርሞስታት አልፈውታል። የቀረው በእጅ የሚመለሰው የሙቀት መከላከያ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሮቶው ከቦይለሩ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ሞልቶ ከሆነ የሚጨምረው 0.3 ባር መፍያውን ወደ 100 ዲግሪ ይመልሰዋል፤ ውሃ ጠፍቶ ሮቶው ሲደርቅ ግን መከላከያው ከመቁረጡ በፊት ታንኩ እንፋሎት ሊያበዛ ይችላል። ስለዚህ ቴርሞስታቱ፣ የሙቀት መከላከያው፣ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭና ኧርዙ አንዳቸውም አይነኩ። ቫልቩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ሥራው ነው፣ አይድፈኑት። መስመሩ ላይ 30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የከረንት መፍሰስ ብሬከር ከሌለ፣ ለኢኤስፒ32 ከሚያወጡት ገንዘብ አስቀድሞ እሱ ይገዛ።

የስክሪኑን ቁጥር በስልክ ማየት ከፈለጉ ሦስቱን የዳታ መስመሮች ጠረጴዛ ላይ፣ በፓወር ባንክ፣ ባለ ስምንት መስመር ሎጂክ አናላይዘር (የዳታ ምቶችን የሚቀዳ መሣሪያ) እና ፐልስቪው በተባለው ነፃ ፕሮግራም መቅዳት ይቻላል። ንባቡ ከትንሹ ቢት እንዲጀምር ያድርጉት። 192 የሚል ባይት ሲያዩ የስክሪን አድራሻ ትዕዛዝ ነው፣ ተከትለው የሚመጡት አሃዞቹ ናቸው። የስክሪኑ ሽቦ በተለመደው ቅደም ተከተል ከተሠራ «60» ማለት 125 እና 63 ነው። መስመሩ ሲሪያል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አጭሩን ምት ይለኩ፤ 104 ማይክሮሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ 9,600፣ 417 ከሆነ 2,400 ነው። እያንዳንዱ መልእክት በ85 እና በ170 የሚጀምር ከሆነ ቱያ የተባለው የስማርት ዕቃዎች ኩባንያ ቋንቋ ነው፤ የመጨረሻው ባይት ከእሱ በፊት ያሉት ሁሉ ተደምረው ለ256 ሲካፈሉ የሚተርፈው ነው። ይህን በቋሚነት ለመግጠም ግን ፒሲ817 ዝግተኛ ነው፤ 6ኤን137 የተባለው ፈጣን ኦፕቶካፕለር ያስፈልጋል፣ የ5 ቮልት መስመርም ወደ ኢኤስፒ32 በቀጥታ አይገባም። ለሚፈልጉት ሙቅ ውሃ ይህ ሁሉ ትርፍ ሥራ ነው። ፓነላቸው ቀጭ የማይል፣ መስታወት የሚነካ የሆነባቸው አንባቢዎችም ይህን ይያዙ፦ እዚያ ኦፕቶካፕለር አይሠራም። ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን ስፕሪንግ ከ10 እስከ 22 ፒኮፋራድ በሆነ ካፓሲተር በኩል ለአጭር ጊዜ ከቦርዱ ግራውንድ ጋር የሚያገናኝ ሪድ ሪሌይ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሽቦው ከ5 ሴንቲሜትር ከበለጠ ግን ቺፑ ሽቦውን ራሱን እንደ ጣት ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው አንድ ነው፦ በማብሪያ ቁልፉ ላይ አንድ ኦፕቶካፕለር፣ በስክሪኑ ፊት አንድ የብርሃን መለኪያ፣ በፌዙ ላይ አንድ የከረንት መለኪያ፣ ከሻወር ቤት ውጭ በራሱ ቻርጀር የሚሠራ ኢኤስፒ32 ከዲኤስ3231 ጋር። የዋይፋይ ሶኬቱን ከመስመሩ ያውጡትና ለሌላ ሥራ ያውሉት። ጠረጴዛ ላይ 50 ጊዜ በተከታታይ አስጭነው አንድም ሳይስት ካልሠራ ግድግዳ ላይ አይስቀሉት። ከተሰቀለ በኋላ ከ220 ቮልቱ ጋር የሚያገናኘውና ኧርዙን የሚፈትሸው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሁን። ሽፋኑ ተዘግቶ ብሬከሩን ሦስት ጊዜ፣ በየ10 ደቂቃው ልዩነት አጥፍተው ያብሩ፤ አንዴ ቦይለሩ በርቶ ሳለ፣ አንዴ ጠፍቶ ሳለ፣ አንዴ ደግሞ ውሃው ሞቆ ቴርሞስታቱ ካቋረጠ በኋላ። በሦስቱም ኢኤስፒ32 ትክክለኛውን ካደረገ፣ በመጀመሪያዋ ሌሊት ስልክዎን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ላይ ይቀስቅስዎት ብለው ይሙሉትና ከረንቱ 6 አምፔር አካባቢ መሆኑን፣ የሽቦ ማያያዣዎቹም ከ20 ደቂቃ በኋላ ከሽፋኑ ውጭ ሲዳሰሱ አለመሞቃቸውን ራስዎ ያረጋግጡ።